ነጻው ተከላካይ

የእግር ኳስ ታሪክ የሚጻፈው በአጥቂዎች ቀለም ነው። ግብ ቀን አላት፤ ደቂቃ አላት፤ ባለቤት አላት። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተቆጠረች ግብ ዛሬም መዝገብ ሲገለጥ ማን እንዳስቆጠራት፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ በየትኛው ከተማ እንደሆነ ተጽፎ ይገኛል። ያልተቆጠረችው ግብ ግን መዝገብ የላትም። አጥቂው ሊመታ እግሩን ሲያነሣ፣ ከየት መጣ ሳይባል አንድ እግር መሐል ገብቶ የወሰዳት ኳስ፣ ሊደርስ የነበረና ሳይደርስ የቀረ መከራ በየትኛውም ዜና መዋዕል ውስጥ አይገኝም። የተከላካይ ሥራ ሊሆን ያለውን እንዳይሆን ማድረግ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊ ደግሞ ያልሆነውን ነገር በምን ቋንቋ ይጽፈዋል?

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የወደድሁት ሰው በዚያ ባልተጻፈ ታሪክ ውስጥ ከ1972 እስከ 1988 ዓመተ ምሕረት የኖረ ጣሊያናዊ ነው። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።) ስሙ ጋኤታኖ ሺሬያ ይባላል። ስለ እርሱ በተወሳ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚነገረው አንድ ያላደረገው ነገር ነው፤ በተጨዋችነት ዘመኑ ሁሉ አንድም ጊዜ በቀይ ካርድ ከሜዳ አልወጣም። ተከላካይ ሆኖ፣ በዚያ ላይ የጣሊያን ተከላካይ ሆኖ፣ የሰባዎቹንና የሰማንያዎቹን ዓመታት ሜዳ ሳይባረሩ ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ የዘመኑን ኳስ ያየ ሰው ያውቀዋል። ቁርጭምጭሚት መምታት፣ መለያ መጎተት፣ በክርን ጎድን መደቆስ እንደ ሙያ የሚቆጠርበት፣ ዳኛውም ብዙውን እያየ የሚያልፍበት ዘመን ነበር።

ጣሊያኖች ሺሬያ ይጫወትበት የነበረውን ስፍራ «ሊቤሮ» ይሉታል። ነጻ ማለት ነው። ሌሎቹ ተከላካዮች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አጥቂ ተሰጥቷቸው እንደ ጥላ ሲከተሉ፣ ይህ ሰው ግን የሚከተለው ሰው የለውም። ከሁሉም ኋላ ቆሞ ያመለጠውን ይለቅማል፤ የተከፈተውን ይዘጋል። ቃሉን ለኳስ ያዋለው በሚላን ጋዜጦች ላይ ይጽፍ የነበረው ጋዜጠኛና ልብ ወለድ ደራሲ ጂያኒ ብሬራ እንደሆነ ይነገራል። ቃሉ ወደ እኛ አገር የኳስ ሜዳ ሲመጣ አንዲት ድምፅ በመንገድ ላይ ወድቃ ቀረችና «ሊብሮ» ሆነ። ታዲያ በጣሊያንኛ «ሊብሮ» መጽሐፍ ማለት ነው! ባላሰብነው መንገድ ነጻውን ሰው መጽሐፍ አደረግነው። እኔ ይህን መዛነፍ እወደዋለሁ። ከኋላ ቆሞ ጨዋታውን እንደ ገጽ እያነበበ፣ የሚቀጥለው መስመር ምን እንደሚል አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው የሚስማማ ስም ነው።

ነገር ግን ይህ ስፍራ ሲፈጠር ነጻነት ከስሙ በቀር አልነበረውም። መነሻው በ1930ዎቹ ስዊዘርላንድ ውስጥ ያሠለጥን የነበረ ካርል ራፓን የሚባል ኦስትሪያዊ ነው። ደካማ ቡድን ከጠንካራ ቡድን ጋር ሲገጥም እንዴት ሳይዋረድ ይወጣል የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ፣ ከተከላካዮቹ ኋላ አንድ ትርፍ ሰው አቆመ። ጣሊያኖች ነገሩን ወረሱትና «ካቴናቾ» አሉት፤ መቀርቀሪያ። ስሙ ራሱ ሁሉን ይናገራል። ከጦርነቱ በኋላ ኔሬዮ ሮኮ በትናንሾቹ ክለቦች፣ ኋላም በሚላን፣ ቀጥሎም ኤሌንዮ ኤሬራ በኢንተር መቀርቀሪያውን እያጠበቁት ሄዱ። ኢንተር በ1964 እና በ1965 የአውሮፓን ዋንጫ በተከታታይ ሲወስድ ሊቤሮው አምበሉ አርማንዶ ፒኪ ነበር። ፒኪ ከመሐል መስመር እምብዛም የማያልፍ፣ የቤቱን በር እንደሚጠብቅ ዘበኛ ከስፍራው የማይነቃነቅ ሰው ነበር። በጀርመን ፍራንዝ ቤከንባወር ያንኑ ስፍራ ይዞ ወደፊት መውጣትና ጨዋታ ማቀናበር ጀመረ፤ በጣሊያን ግን «ነጻው» ሰው ለረጅም ዘመን የመቀርቀሪያው የመጨረሻ ብረት ሆኖ ቆየ።

ፒኪ ኋላ የጁቬንቱስ አሠልጣኝ ሆነ፤ በዚያው ሥራ ላይ ሳለ ታመመና በግንቦት 1971 በሠላሳ አምስት ዓመቱ ሞተ። ይህን የምጠቅሰው በዋዛ አይደለም፤ አንባቢ ወደ መጨረሻው ላይ ምክንያቱን ያገኘዋል።

ሺሬያ የተወለደው ግንቦት 25 ቀን 1953 በሚላን አጠገብ በምትገኘው ቼርኑስኮ ሱል ናቪሊዮ ነው። አባቱ ከሲሲሊ ደሴት ወደ ሰሜን የመጣ ሠራተኛ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ሁለት ዐሥርት ዓመታት የደቡብ ጣሊያን ገጠር እየተራቆተ፣ የሰሜን ፋብሪካዎች ደግሞ እየሰፉ ሲሄዱ፣ ካርቶን ሻንጣውን በገመድ አስሮ በሌሊት ባቡር ወደ ሚላንና ወደ ቱሪን የጎረፈው ሕዝብ ቁጥር ስፍር አልነበረውም። የሰሜን ሰው እነዚህን መጤዎች «ቴሮኒ» እያለ በንቀት ይጠራቸው ነበር፤ አፈር ገፊ እንደ ማለት ነው። የሺሬያ ልጅነት በዚህ ወገን ያለፈ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገሩ፣ በማንም ላይ አለመደገፉ፣ የሰጡትን ሥራ ያለ ማጉረምረም መሥራቱ ከዚሁ የመጣ ነው፤ የመጤ ልጅ በሰው ቤት ወንበር ሲሳብ እንዳይጮኽ ይጠነቀቃል።

በታዳጊነቱ ወደ ቤርጋሞው አታላንታ ሲገባ ተከላካይ አልነበረም፤ ፊት ላይና መሐል ላይ ነበር የሚጫወተው። ወደ ኋላ የመለሱት አሠልጣኞች ናቸው። በከፍተኛው ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው መስከረም 24 ቀን 1972 ከካልያሪ ጋር በተደረገው ጨዋታ ነው። ያን ዓመት አታላንታ ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ፤ ሺሬያ አብሮ ወረደና አንድ ዓመት እዚያ ተጫወተ። በ1974 ጁቬንቱስ ወሰደው።

ጁቬንቱስ ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ አንድ ሁለት ቃል ሳይባል አይታለፍም። ከ1923 ጀምሮ ክለቡ ከአኜሊ ቤተሰብ ጋር የተሳሰረ ነው፤ በአገራችንም ሽማግሌዎች ስሟን የማይረሷት የፊያት መኪና ባለቤቶች ማለት ናቸው። ከደቡብ የመጣው ሠራተኛ ሳምንቱን ሙሉ በፊያት ፋብሪካ ሲለፋ ይሰነብትና እሑድ የአሠሪዎቹን ቡድን ሊደግፍ ስታዲየም ይገባል። ጁቬንቱስ ከቱሪን ተወላጅ ይልቅ በመላ ጣሊያን በተበተነው ደቡባዊ ዘንድ የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ይላሉ። የሲሲሊው ሠራተኛ ልጅ የዚህ ቡድን ሊቤሮ፣ በኋላም አምበል ሲሆን፣ በሜዳው ጠርዝ ከቆሙት ከብዙዎቹ አባቶች ልጅ ጋር ይመሳሰል ነበር።

ሲመጣ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነው። ያን ጊዜ የለቀቀው የቀድሞው ሊቤሮ ሳንድሮ ሳልቫዶሬ በእድሜም በዝናም የከበደ ሰው ነበር፤ ልጁ ግን በመጀመሪያው ዓመት የጣሊያንን ሻምፒዮና አነሣ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለመዘርዘር የዋንጫ መደርደሪያ መቁጠር ነው፤ ሰባት የሊግ ድሎች፣ ሁለት የጣሊያን ዋንጫዎች፣ በ1977 የዩኤፋ ዋንጫ፣ በ1984 የአሸናፊዎች አሸናፊ ዋንጫ፣ በ1985 የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በቶኪዮ የአህጉራት ዋንጫ። ለጁቬንቱስ 552 ጨዋታ ተሰልፎ 32 ግብ አስቆጥሯል። ያ የጨዋታ ብዛት የክለቡ ክብረ ወሰን ሆኖ እስከ 2008 ድረስ ቆየና አሌሳንድሮ ዴል ፒዬሮ አለፈው።

ቁጥሩ ግን እንዴት ይጫወት እንደነበር አይነግረንም። በዘመኑ የተቀረጹ ጨዋታዎችን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ሺሬያን አለማየቱን ነው። ካሜራው ኳስን ስለሚከተል ኳስ የሌለበትን አያሳይም፤ ሺሬያ ደግሞ ኳስ ወደምትመጣበት ቀድሞ ሄዶ የሚቆም ሰው ነበር። አይንደረደርም፤ መሬት ላይ ተንሸራትቶ ሲገባ በብዛት አይታይም። የሚንሸራተት ተከላካይ አንድ እርምጃ የዘገየ ተከላካይ ነው። ኳሷን ከያዘ በኋላ ደግሞ የመቀርቀሪያው ዘመን ሊቤሮ እንደሚያደርገው ወደ ሰማይ አይጠልዛትም፤ ቀና ብሎ ራሱ ይዟት ይወጣል። መሐል ሜዳ ደርሶ ለአማካዮቹ ይሰጣል፤ መንገድ ካገኘም እስከ ተጋጣሚ የቅጣት ክልል ይዘልቃል። የልጅነቱ አጥቂ ከውስጡ አልወጣም ነበርና። ሊቤሮ የሚለው ስም በጣሊያን ምድር ትርጉሙን ያገኘው በዚህ ሰው እግር ነው ብል ብዙ የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም።

ነጻነቱን የከፈሉለት ሰዎች እንደነበሩ ግን መዘንጋት ደግ አይደለም። ከፊቱ የሚጫወተው በትሪፖሊ፣ ሊቢያ የተወለደው ክላውዲዮ ጄንቲሌ ነበር። «ጄንቲሌ» በጣሊያንኛ ገር፣ ጨዋ ማለት ነው፤ ስም መቼም እንዲህ ሲያላግጥ አይቼ አላውቅም። ጄንቲሌ በ1982 በስፔን ማራዶናን ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሲይዘው፣ ሲጎትተው፣ ሲረግጠው ዋለ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ የብራዚሉ ዚኮ መለያ በእጁ ተቀደደ። ያን ጭካኔ የሚሠራ ሰው ከፊት ስለነበረ ነው የኋላው ሰው በንጹሕ እጅ ወደ ቤቱ የሚገባው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ስለ ሺሬያ ከሚጻፉት ውዳሴዎች ብዙዎቹ ይህን አይጠቅሱም። ሆኖም ያው ሰው ጄንቲሌ በማይኖርበትም ጨዋታ እጁን አላቆሸሸም፤ ጄንቲሌ በ1984 ክለቡን ለቅቆ ከሄደ በኋላም አራት ዓመት ተጫውቷል።

ስፔንን ካነሣን ወደዚያው እንሂድ። ጣሊያን ወደዚያ የዓለም ዋንጫ የገባችው ከቁማር ቅሌት ባልጠራ ስም ነው። በ1980 የተጋለጠው የጨዋታ ማጭበርበር ክለቦችን ወደ ታችኛው ሊግ አውርዷል፤ አጥቂውን ፓኦሎ ሮሲን ለሁለት ዓመት ከሜዳ አግዷል። በመጀመሪያው ዙር ከፖላንድ፣ ከፔሩና ከካሜሩን ጋር ሦስት ጊዜ አቻ ወጥተው በጭንቅ አለፉ። ጋዜጦቹ አሠልጣኙን ኤንዞ ቤያርዞትን ቆዳውን ገፈፉት፤ ስለ ተጨዋቾቹም ገመና መጻፍ ሲጀምሩ ቡድኑ ጋዜጠኛ ላለማነጋገር ተማማለ። በሁሉም ስም የሚናገረው አምበሉ ግብ ጠባቂ ዲኖ ዞፍ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ዞፍ ደግሞ በመላው ጣሊያን ቃል የሚቆጥብ በመባል የታወቀ የአርባ ዓመት ሰው ነው! ቀልዱ የገባቸው ጋዜጠኞች እንኳ ለመሣቅ አልቻሉም።

ዞፍና ሺሬያ አንድ ክፍል ነበር የሚያድሩት። ያን ክፍል ጓደኞቻቸው «ስዊዘርላንድ» የሚል ስም አወጡለት፤ ጦርነት የማይደርስበት፣ ድምፅ የማይሰማበት ገለልተኛ አገር ስለሆነ። እንቅልፍ የሚያስቸግረው አማካዩ ማርኮ ታርዴሊ ሌሊት ሌሊት ወደዚያ ክፍል እየሄደ ይቀመጥ ነበር። ሁለት ዝምተኞችና አንድ እንቅልፍ አልባ! ከውጭ የአንድ አገር ጋዜጣ ሁሉ ይጮኻል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። አርጀንቲናን 2 ለ 1፣ ሐምሌ 5 ቀን በባርሴሎና ብራዚልን 3 ለ 2፣ በግማሽ ፍጻሜ ፖላንድን 2 ለ 0፤ ሐምሌ 11 ቀን ደግሞ በማድሪድ ምዕራብ ጀርመንን 3 ለ 1። ሺሬያ ሰባቱንም ጨዋታ ተሰልፏል። እኔ ማቆም የምፈልገው በፍጻሜው 69ኛ ደቂቃ ላይ ነው። ታርዴሊ ከቅጣት ክልሉ ጫፍ በግራ እግሩ መትቶ ሁለተኛውን ግብ አስቆጠረ፤ ከዚያም ሁለት ቡጢውን ጨብጦ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ እንባው እየወረደ፣ እየጮኸ ሮጠ። ያ ሩጫ የሃያኛው ክፍለ ዘመን የኳስ ሥዕል ሆኗል፤ በቴምብርና በግድግዳ ላይ ሳይቀር ይታያል። የሥዕሉ ፍሬም ግን ጠባብ ነው። ወደ ኋላ መለስ ብሎ ጥቂት ሰኮንድ ያየ ሰው፣ በጀርመኖች የቅጣት ክልል ውስጥ ሰባት ቁጥር የለበሰውን የጣሊያን የመጨረሻ ተከላካይ ያገኛል። ቡድኑ 1 ለ 0 እየመራ ነው፤ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነው፤ ከኋላው ከዞፍ በቀር የሚጠብቅ የለም ማለት ይቻላል፤ እርሱ ግን በተጋጣሚው ቤት ቆሞ ከዐሥራ ስምንት ዓመቱ ቤርጎሚ ጋር ኳስ ይቀባበላል። ጀርመኖቹ ግራ ገብቷቸው ወደ ሁለቱ ሲሳቡ፣ ሺሬያ ኳሷን ወደ ኋላ ለታርዴሊ ለቀቀለት። መቀርቀሪያው ከበሩ ተነቅሎ የሰው ቤት ከፈተ።

ጩኸቱ የታርዴሊ ነው። ሥዕሉም የታርዴሊ ነው። ቀድማ የሄደችው ኳስ በማንም ግድግዳ ላይ አልተሰቀለችም።

ያን ሌሊት ማድሪድ ሲጨፈር፣ ዞፍ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደተረከው፣ ሁለቱ ጓደኛሞች ጸጥ ያለ እራት በልተው ወደ ክፍላቸው ተመለሱና ሲጋራ እያጨሱ ቁጭ አሉ። ወደ ውጭ መውጣት፣ መደነስ የደስታውን ልክ የሚያሳንስባቸው መስሎ ተሰማቸው። ወደ ስዊዘርላንድ ገብተው በሩን ዘጉ።

እንግዲህ ይህ ዝምተኛ ሰው በታሪክ ውስጥ ድምፁ ተቀርጾ የቀረበት አንድ ምሽት አለ፤ ያም ባይኖር ይሻል የነበረ ምሽት ነው።

ግንቦት 29 ቀን 1985፣ ብራሰልስ፣ ኤይዘል ስታዲየም። ጁቬንቱስ ከሊቨርፑል ለአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ፍጻሜ ሊጫወት ነው። ስታዲየሙ ያረጀ፣ ግንቡ የሚፈረፈር ነበር። «ዜድ» በተባለው የመቆሚያ ክፍል ገለልተኛ ተመልካች ይገባበታል ተብሎ ትኬት ቢሸጥም፣ ብዙ ጣሊያናውያን ቤተሰቦች እዚያ ተገኙ፤ ከእንግሊዞቹ የሚለያቸው አንድ ደካማ ሽቦና ጥቂት ፖሊስ ብቻ ነበር። ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሽቦውን ጥሰው ገቡ። ሕዝቡ ወደ ጥግ ሸሸ፤ ጥጉ ላይ ግንብ ነበር፤ ተጨናንቆ ተረጋገጠ፤ ግንቡም ተናደ። 39 ሰዎች ሞቱ። 32ቱ ጣሊያናውያን፣ አራቱ ቤልጂጋውያን፣ ሁለቱ ፈረንሳውያን፣ አንዱ የሰሜን አየርላንድ ሰው ነበሩ። የቆሰለው በመቶዎች ይቆጠራል። አስከሬኑ ከስታዲየሙ ውጭ ተደርድሮ ሳለ፣ ውስጥ ያለው ሕዝብ የሆነውን በከፊል ሰምቶ ሊተላለቅ ይንቀሳቀስ ጀመር።

ባለሥልጣኖቹ ተማከሩና ጨዋታው ይካሄድ አሉ። ካልተካሄደ በከተማው ጎዳና ላይ ሌላ እልቂት ይፈጠራል፤ ሠራዊት እስኪመጣና ሰዉ በሥርዓት እስኪወጣ ጊዜ ያስፈልጋል የሚል ነበር ምክንያታቸው። የሁለቱን ቡድን አምበሎች ወደ ድምፅ ማጉያው ወሰዷቸው፤ ከሊቨርፑል ፊል ኒል፣ ከጁቬንቱስ ሺሬያ። ሺሬያ በእጁ የያዘውን መልእክት አነበበ። ጨዋታው የሚካሄደው የጸጥታ ኃይሎች ሰዉን የሚያስወጡበትን ሁኔታ እንዲያመቻቹ መሆኑን ተናገረ፤ እንዲረጋጉ፣ ለትንኮሳ መልስ እንዳይሰጡ ለመነ፤ የምንጫወተውም ለእናንተ ነው ብሎ ጨረሰ። ድምፁ ቀስ ያለ፣ እንደ ንባብ ትምህርት የተስተካከለ ነው።

ይህን ድምፅ ሰምቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። «እናንተ» የተባሉት እነማን ናቸው? ከፊሎቹ ቁጣ ያሳበዳቸው ሰዎች ናቸው፤ ከፊሎቹ ወንድማቸውን ወይም ልጃቸውን የሚፈልጉ ናቸው፤ ከፊሎቹ ደግሞ ከእንግዲህ የማይሰሙ ናቸው። ተጨዋቾቹ በዚያ ሰዓት የሟቾቹን ቁጥር ምን ያህል ያውቁ እንደነበር እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ በበኩሌ ጨዋታውን ማካሄዱን ከሚያወግዙት ወገን አይደለሁም፤ ስልሳ ሺህ ያህል ሰው በዚያ ስሜት ወደ ጎዳና ቢለቀቅ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ ይከብዳል። ሺሬያም በዚያ ማጉያ ፊት ያደረገው ዕድሜውን ሙሉ በሜዳ ሲያደርገው የኖረውን ነው፤ ሊሆን ያለውን እንዳይሆን ማድረግ። ሌላ እልቂት አልሆነም፤ ስላልሆነም ማንም አልመዘገበለትም።

የማይዋጥልኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ቦኒዬክ ከቅጣት ክልሉ ውጭ ተጠልፎ ወድቆ ሳለ ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ፤ ፕላቲኒ አስቆጠረ፤ እጁንም አንሥቶ ተደሰተ። ጁቬንቱስ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ ተጨዋቾቹም ዋንጫውን ይዘው ወደ ደጋፊዎቻቸው ወጡ። ሕዝብ ለማረጋጋት የተካሄደ ጨዋታ አሸናፊ አስፈልጎት ነበርን? ታርዴሊ ከዓመታት በኋላ ስለዚያ ምሽት በአደባባይ ይቅርታ ጠይቋል። ሺሬያ በአውሮፓ ክለብ ያለውን ዋንጫ ሁሉ ካነሡት የመጀመሪያዎቹ ተጨዋቾች አንዱ የሆነው በዚያ ምሽት ነው። መዝገቡን ሲሞላ የዋለው ያ ዋንጫ ለማንም ሰው ደስ ብሎት የሚቆጥረው ዋንጫ አልሆነም።

በ1986 በሜክሲኮ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ነበር። ሰኔ 17 ቀን ፈረንሳይ 2 ለ 0 አሸንፋ አሰናበተቻቸው፤ የመጀመሪያውን ግብ ያገባው የክለብ ጓደኛው ፕላቲኒ ነው። ያ 78ኛውና የመጨረሻው የብሔራዊ ቡድን ጨዋታው ሆነ። በክለቡ ሁለት ዓመት ጨምሮ በ1988 በሠላሳ አምስት ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ።

በዚያው ወቅት አርሪጎ ሳኪ የሚባል፣ በታላቅ ክለብ ተጫውቶ የማያውቅ አሠልጣኝ ሚላንን ይዞ የጣሊያንን ሊግ አሸነፈ። በሳኪ ቡድን ውስጥ ሰው ሰውን አይከተልም፤ ተከላካዮቹ በአንድ ገመድ እንደተሳቡ በመስመር ወደፊት ይወጣሉ፣ በመስመር ይመለሳሉ። ከመስመሩ ኋላ የሚቆም ትርፍ ሰው ከኖረ ለአጥቂው ከጨዋታ ውጭ የመባል ሥጋት አይኖርበትምና፣ ነጻው ሰው እንቅፋት ሆነ። ፍራንኮ ባሬዚ ሊቤሮ ሆኖ አድጎ ነበር፤ በሳኪ ዘመን ግን የመስመሩ አዛዥ ሆነ። ስፍራው ከሺሬያ ጋር ጡረታ ወጣ ማለት ትንሽ ማጋነን ቢሆንም ከእውነቱ እጅግ አይርቅም።

ዲኖ ዞፍ በ1988 የጁቬንቱስ አሠልጣኝ ሲሆን ጓደኛውን ረዳቱ አደረገው። በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ ቡድኑ በዩኤፋ ዋንጫ የመጀመሪያ ዙር ከፖላንዱ ጉርኒክ ዛብዤ ጋር ተመደበ። ተጋጣሚውን ሄዶ ማየት የረዳቱ ሥራ ነውና ሺሬያ ወደ ፖላንድ ሄደ።

ያን ጊዜ ፖላንድ በታሪኳ መታጠፊያ ላይ ነበረች። ነሐሴ 24 ቀን 1989 ታዴኡሽ ማዞቪየትስኪ ከጦርነቱ ወዲህ ኮሚኒስት ያልሆነ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ተመርጧል፤ የዓለም ዓይን ሁሉ ዋርሶ ላይ ነው። ሱቁ ግን ባዶ ነው፤ ነዳጅም እንደ ልብ አይገኝም። በዚህ የተነሣ ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና መጠባበቂያ ቤንዚን በጀሪካን ጭኖ ይወጣል። እሑድ መስከረም 3 ቀን፣ ሺሬያ ሥራውን ጨርሶ ወደ ዋርሶ ሲመለስ፣ ባብስክ በምትባል መንደር አጠገብ የተሳፈረባት መኪና ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ተጋጨች። በኋላ የተጫነው ቤንዚን ተቀጣጠለ። ሾፌሩና አስተርጓሚዋ አብረውት ሞቱ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ እንደ ፒኪ ሁሉ በጁቬንቱስ ሥራ ላይ ሳለ የሞተ ሁለተኛው ታላቅ ሊቤሮ ሆነ።

ዜናው ጣሊያን የደረሰው ማታ ነው። እሑድ ማታ የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያየው የመንግሥት ቴሌቪዥን የስፖርት ዝግጅት በመተላለፍ ላይ ነበር፤ አዘጋጁ ሳንድሮ ቾቲ ወረቀት ተቀብሎ መርዶውን ለሕዝብ አነበበ። በስቱዲዮው ውስጥ ከተጋበዙት እንግዶች አንዱ ማርኮ ታርዴሊ ነበር። ማድሪድ ላይ ዓለም እስኪሰማው የጮኸው ሰው አንድ ቃል ሳይወጣው ተነሥቶ ሄደ።

በቱሪን አሁን ባለው የጁቬንቱስ ስታዲየም የደቡቡ መቀመጫ በስሙ ይጠራል፤ ደጋፊዎቹ ሁሉ የሚጮኹበት፣ ከበሮ የሚመቱበት ስፍራ ነው። ዝምተኛው ሰው ይህን ቢያይ ምን ይል እንደነበር እንጃ።

ከአደጋው ዘጠኝ ቀን ያህል በኋላ ጁቬንቱስ ወደ ዛብዤ ሄዶ ተጫወተ፤ 1 ለ 0 አሸነፈ። በመልሱ 4 ለ 2 ረታ። ዙሩን እያለፈ ቀጠለና በግንቦት 1990 የዩኤፋን ዋንጫ ወሰደ። በዚያው ሰሞን ክለቡ ዞፍን አሰናበተ።